የልጆቻችን ክትባት፡ አማናውና ሩኽሳው
(በራዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በሐይቅ ከተማ፣ በተሁለደሬና በአምባሰል ቀበሌዎች ያሉ ወላጆች የሚያነሱት ጉዳይ ነው። ጥያቄው በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው፣ «ልጅን ማስከተብ ግዴታ ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ የክትባት ካርድ ብጠየቅና ባይኖረኝስ?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ «በትምህርት ቤት ለልጄ መርፌ ሲሰጣት እኔ ወላጇ ቀድሜ ማወቅ የለብኝምን?» የሚል ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የሚጠይቅ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያስብ ወላጅ ነውና ሊነቀፍ አይገባም፤ መልስ ሊያገኝ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ልጅ አማና ነው። አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት አደራ ነው። አንዳንዶቻችን «አላህ የጻፈው አይቀርም» እንላለን። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ከቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁም መመለሳቸውም ራሱ በአላህ ቀደር መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ሰበብን ማድረስ ተወኩልን አይቃረንም።

ይህ እውቀትም ለሙስሊሙ ባዕድ አይደለም። ኩፍኝና ፈንጣጣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ለይቶ የጻፈው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ ነው። ፈንጣጣ ስንቱን ልጅ እንደቀበረ፣ ስንቱን ዓይነ ስውር እንዳደረገ የወሎ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ደግሞ በተፈጥሮ የተያዘ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሶማሊያ ታየ። ዛሬ ልጆቻችን የፈንጣጣን ጠባሳ የማያውቁት በሽታው በራሱ ጊዜ ስለሄደ አይደለም። የጤና ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተራራ ወጥተው፣ ቆላ ወርደው ስለከተቡ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሁን ልጆቻችን ምን ምን እንደሚከተቡ እንመልከት። በኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ያኔ የታለሙት ስድስት በሽታዎች ነበሩ፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት ገባ። በ2004 ለሳንባ ምች፣ በ2006 ለሮታ ተቅማጥ፣ በ2011 ደግሞ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ተጨመረ። ሁሉም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ጊዜውም ይህን ይመስላል። ልጅ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መርፌና የልምሻ ጠብታ ይሰጠዋል። ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይቀጥላል። እናቶቻችን «የ45 ቀን ክትባት» የሚሉት የ6ኛውን ሳምንት ነው። የኩፍኙ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ነው። ለኩፍኝ ሁለተኛ ዙር ለምን አስፈለገ? በ9ኛው ወር ከተከተቡ ልጆች መካከል ከመቶ 15 የሚሆኑት ሰውነታቸው በቂ መከላከያ ሳያበጅ ይቀራል። ሁለተኛው ዙር እነርሱን ለመድረስ ነው። ስለዚህ «አንዴ ተወግቷል፣ ይበቃዋል» ማለት አያዋጣም።

ከክትባት በኋላ ልጁ ጥቂት ቢያተኩስ፣ የተወጋበት ቦታ ቢያብጥ የተለመደ ነው። የሳንባ ነቀርሳው መርፌ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ያበጅና ጠባሳ ትቶ ይድናል፤ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር ሊቀባ አይገባም። ትኩሳቱ ከጠና፣ ልጁ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የአገራችን የክትባት አሠራር የቆመው በቅጣትና በእገዳ ላይ ሳይሆን አገልግሎቱን በነጻ በማቅረብና ወላጅን በማስረዳት ላይ ነው። ይህ ማለት ግን ወላጅ ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕጻናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግም የልጁን ጤና መጠበቅ የአሳዳሪው ግዴታ አድርጎታል። በዲናችንም አባት ለልጁ ምግብና ልብስ ብቻ ሳይሆን ከጉዳት መጠበቅም አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው። አንዳንድ መዋእለ ሕጻናትና የግል ትምህርት ቤቶች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርድ መጠየቁ መልካም ነው፤ ያልተከተበውን ለማወቅ ይረዳልና። ነገር ግን ካርድ የሌለውን ልጅ ከበር መመለስ በልጁ ላይ ሁለት በደል መደረብ ነው፤ ከክትባቱም ከትምህርቱም ይቀራልና። ትክክለኛው መንገድ ልጁን መዝግቦ ወላጁን ወደ ጤና ኬላ መላክ ነው። ካርዱ የጠፋበት ወላጅም ልጁ የተከተበበት ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ከመዝገብ እንዲፈለግለት ይጠይቅ። ከመዝገብ ከጠፋ ደግሞ ባለሙያው እንደ አዲስ ይጀምርለታል፤ ተከትቦም ከሆነ መደገሙ አይጎዳውም።

በሌላ አገር ጉዳዩ ከዚህ ይጠብቃል። በአሜሪካ ሁሉም ግዛቶች ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዲከተብ ያዛሉ። በሕመም ምክንያት የማይችል ነጻ ይደረጋል። በብዙዎቹ ግዛቶች በሃይማኖት ምክንያትም ነጻ መሆን ይቻላል። ይሁን እንጂ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ በ2015፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ2019 ኩፍኝ ከተዛመተባቸው በኋላ ከሕመም በስተቀር ሌላውን ምክንያት በሕግ አንስተዋል።

ለእኛ ይህን ነገር ለመረዳት ሩኽሳን ማስታወስ በቂ ነው። በረመዷን የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። ጤነኛው ግን የታመመውን ሩኽሳ ወስዶ ቢበላ ማንም አይቀበለውም። በክትባትም እንዲሁ ነው። ቀደም ሲል በወሰደው ክትባት ብርቱ አለርጂ የደረሰበት ልጅ አለ። የሰውነቱ መከላከያ እጅግ የተዳከመና እንደ ኩፍኝ ያለውን ክትባት የማይችል ልጅም አለ። ለእነዚህ ሩኽሳ አላቸው፤ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። ቀላል ጉንፋን፣ ሳል ወይም መጠነኛ ተቅማጥ ግን ሩኽሳ አይሆንም።

ወገኖቻችን፣ ሩኽሳ ያለውን ልጅ ከኩፍኝ የሚጠብቀው ማን ይመስላችኋል? የጎረቤቱ ልጆች መከተብ ነው። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። በሽታው እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከተብ አለባቸው። ስለዚህ ጤነኛ ልጁን ሳያስከትብ የሚቀር ሰው የሚያስቀረው የራሱን ልጅ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ የዚያን የደካማውን ልጅ ጋሻም ጭምር ነው። በሸሪዓችን ደግሞ ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም የተከለከለ ነው። መንጋጋ ቆልፍ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአፈርና ከቆሸሸ ምላጭ ስለሚመጣ የጎረቤት መከተብ ምንም አይጠቅምም። እያንዳንዱ ልጅና እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ራሳቸው መከተብ አለባቸው።

ስለ ወሬም ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ ግዛት፣ የልምሻ ጠብታው ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተነዛና ክትባቱ ተቋረጠ። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ በቻድና በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ በ2004 መጨረሻ አገራችን ገባ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮም የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ደረሰ። ካኖ ክትባቱን መልሳ የጀመረችው ከተመረመረ በኋላ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እ.ኤ.አ በ2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የልምሻ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። በወሬው ዘመን የሰለሉት እግሮች ግን አልተመለሱም።

እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ 75 ሰዎች በኩፍኝ ተይዘዋል። አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሙስሊም ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸውን ያስፈራቸው የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል ወሬ ነበር። የወሬው ምንጭ የሆነው እ.ኤ.አ የ1998 ጽሑፍ በ2010 በአሳታሚው መጽሔት ተሽሯል፤ ጸሐፊውም ከሐኪምነት መዝገብ ተሰርዟል። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ፈሩ። በቋንቋቸው ቀድሞ የደረሳቸው ግን ወሬው ነበር። ለዚህ ነው መረጃን በጊዜው ማድረስ የሁላችንም ኃላፊነት ነው የምንለው።

«በውስጡ ሐራም ነገር የለበትምን?» የሚሉም አሉ። በአንዳንድ ክትባት ዝግጅት ከእንስሳት የተገኘ ነገር ይገባል። ዑለማና ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ1995 በኩዌት ተሰብስበው ጉዳዩን መርምረዋል። ከቀድሞ ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ነገር ፍርዱም እንደሚለወጥ ገልጸዋል። ደግሞስ ሐጅ የሚሄደው ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ይዞ እንዲገባ የሚጠይቀው የሐረመይን አገር አይደለምን? ለሐጃችን የተቀበልነውን ለጨቅላችን የምንከለክልበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ የልጃገረዶቹ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ በትምህርት ቤት ሲሰጥ ቆይቷል። ይህንንም ያመክናል የሚሉ አሉ። ክትባቱ ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች ሲሰጥ ኖሯል፤ መካንነት አላመጣም። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። ይሁን እንጂ ወላጁ ማታ ልጁ ስትነግረው ብቻ የሚሰማ ከሆነ መጠርጠሩ አይገርምም። ትምህርት ቤትና የጤና ጽሕፈት ቤት ከሳምንት በፊት ለወላጅ ቢያሳውቁ፣ በጁምዓ በመስጊድ ቢነገር ብዙ ጥርጣሬ ይቀላል። ወላጅ አራት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፦ ክትባቱ ለምን በሽታ ነው? ምን ስሜት ያስከትላል? ችግር ቢመጣ ወዴት ልሂድ? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ጠይቀን፣ አውቀን እንሂድ።

አንድ ሌላ እውነትም አለ። እናት ልጇን አዝላ ሩቅ መንገድ ሄዳ «ልጆች ሲሰበሰቡ ተመለሽ» ትባላለች። ይህ ያናድዳል። ምክንያቱ የኩፍኙ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ የሚበቃ ሆኖ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ነው። መድኃኒት እንዳይባክን ተብሎ ልጅ ይመለሳል። ነገር ግን የተመለሰች እናት ብዙ ጊዜ ዳግም አትመጣም፤ ከብልቃጥ ይልቅ ልጅ ይበልጣል። እኛም በበኩላችን ቀኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቀን ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርተን ብንሄድ ችግሩ ይቃለላል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በወሎ በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያም ወዲህ በክልላችን ሰላም በመደፍረሱ ብዙ ልጆች ቀጠሯቸው አልፏል። «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ አትተዉ። አብዛኛው ክትባት ቢዘገይም ካቆመበት ይቀጥላል። አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ በ2000 መሠረታዊ ክትባቶችን የጨረሱ ሕጻናት ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 43 ደርሰዋል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ገና ከግማሽ በታች ነበር።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወገኖች፣ በአቂቃው ቀን ልጁ ስም ሲወጣለት «ካርዱስ?» ብለን እንጠይቅ። አራሷ አርባዋን ስትጨርስ የ45 ቀኑ ክትባት መድረሱን አባትየው ያስታውስ። የመድረሳ ኡስታዞቻችን ደረሳ ሲመዘግቡ ካርድ ይጠይቁ፤ ያልተከተበውን ሳይመልሱ ወደ ጤና ኬላ ይምሩት። ኢማሞቻችን የክትባት ቀን ሲደርስ ከጁምዓ በኋላ ለጀማዓው ያሳውቁ። ካርዱንም ከቤታችን ጠቃሚ ወረቀቶች ጋር እናስቀምጠው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ለአገራችን ሰላሟን ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።