በደብዳቤ የመጣ ሙያ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከመስተንግዶ ክፍል የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «እናንተም አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከድስት ኋላ የቆምን ሰዎች ከመድረክ ላይ ምን እንላለን ብለን ተጨንቀን ነበር። በኋላ ግን ተመካክረን፣ እንደኛው ከአገሯ ርቃ እዚሁ ለንደን ውስጥ ወጥ መሥራት ስለ ተማረች አንዲት ሴት ብንናገር ይሻላል አልን። እኚህ ሴት ህንዳዊቷ ወይዘሮ ማዱር ጃፍሪ ናቸው። ቀደም ብላችሁ ወደዚህ አገር የመጣችሁ በቴሌቪዥን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙዎቻችን በአገራችን የህንድ አስተማሪዎች አስተምረውናል፤ ዛሬም ምስርና እርድ የምንገዛው ከህንዶች ሱቅ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ታሪክ የባዕድ ታሪክ አይሆንብንም። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ማዱር በ1933 በዴልሂ ከተማ ተወለዱ። በተወለዱ ጊዜ አያታቸው በምላሳቸው ላይ በማር ጽፈውላቸዋል፤ ስማቸውም እንደ ማር የሚጣፍጥ ማለት ነው። ታዲያ በማር የተጀመረው ምላስ ጣዕም ቢያውቅም፣ እጃቸው ወጥ አያውቅም ነበር። በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ስላደጉ የሚያበስል ሰው አልጠፋም፤ በትምህርት ቤትም የባልትና ፈተና ወድቀዋል። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከፑንጃብ የተሰደዱ ሰዎች ወደ ዴልሂ ጎረፉ፤ ታንዱር የሚባለውን የሸክላ ምድጃና በእሱ የሚጠበሰውን ዶሮ ይዘው መጡ። ስደተኛ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ጣዕሙን ይዞ እንደሚወጣ ወይዘሮ ማዱር በልጅነታቸው አይተዋል።

በ1955 ቲያትር ለመማር ወደ ለንደን መጡ፤ የገቡትም ራዳ በሚባለው በታወቀው የድራማ አካዳሚ ነው። ትምህርቱ ደስ አላቸው፤ ምግቡ ግን ልባቸውን ሰበረው። ግራጫ የመሰለ ሥጋ፣ ውኃ የበዛበት ጎመን! የዚህን አገር የመጀመሪያ ክረምታችሁን የምታስታውሱ፣ ተጨማሪ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። እሳቸውም ለእናታቸው ጻፉ፤ እባክሽ እማዬ፣ ወጥ መሥራት አስተምሪኝ አሉ። እናታቸውም በስስ የአየር መልእክት ወረቀት ላይ በህንዲ ቋንቋ እየጻፉ መለሱላቸው። ልጅቱ ደብዳቤውን ከምድጃው አጠገብ አድርገው እያነበቡ፣ አንዴ እያሳረሩ፣ አንዴ እያቀጠኑ ተማሩ። አጠገባቸው ሳሉ ያልተማሩትን የእናታቸውን ሙያ ባሕር ተሻግረው ሲርቁ ተማሩት።

ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1965 በወጣ ፊልም ላይ ተጫውተው በበርሊን የፊልም በዓል በምርጥ ተዋናይትነት የብር ድብ ሽልማት አገኙ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለህንዳዊት ተዋናይት የሚሰጠው ሥራ ጥቂት ነበር፤ የሚያሳድጓቸውም ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። በ1966 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምግብ አዘጋጅ ወጥ ስለምታውቀው ተዋናይት ጻፈ። እሳቸውም ስለ ምግብ መጻፍ ጀመሩ፤ በ1973 የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ታተመ።

በዚያ መጽሐፍ «ከሪ» በሚለው ቃል ላይ ቅር መሰኘታቸውን ገልጸዋል። የስንቱን ክፍለ አገር ወጥ በአንድ ቃል ጠቅልሎ መጥራት ምግቡን ማሳነስ ነው ባዮች ነበሩ። የእኛንም ሽሮ፣ ክትፎና ጨጨብሳ ሁሉ «እንጀራ» እያሉ የሚጠሩ ጎረቤቶች ስላሉን ነገሩ ይገባናል። ሆኖም ከዓመታት በኋላ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ያንኑ ቃል ራሳቸው በርዕሱ ላይ አኖሩት።

ዝናቸው በዚህ አገር የገነነው በ1982 ነው። ቢ.ቢ.ሲ. በስማቸው የህንድ ምግብ አሠራር ፕሮግራም በቴሌቪዥን አቀረበ። ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ሳሪ ለብሰው፣ በተዋናይት አንደበት ረጋ ብለው፣ ከሙኑ ትኩስ ዘይት ላይ ሲፈነዳ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ሽንኩርቱ ምን መልክ ሲይዝ ሌላው እንደሚጨመር ያሳዩ ነበር። ዶሮ በሎሚና በድንብላል ቅጠል ሠርተው ባሳዩ ማግስት በማንችስተር ከተማ የድንብላል ቅጠል ከገበያ ጠፋ ይባላል። በ2004 ከእንግሊዝ መንግሥት፣ በ2022 ደግሞ ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ከህንድ መንግሥት ተቀበሉ። በባልትና ፈተና ለወደቀች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወገኖቻችን! ይህን ሁሉ ያመጣንበት ምክንያት አለን።

የወይዘሮ ማዱር ትልቁ ሥራ ማብሰሉ ብቻ አይመስለንም። የእናትን እጅ በማንኪያ መለካታቸው ነው። የህንድ እናት እንደኛዋ እናት በዓይኗ ትመዝናለች። እሳቸው ግን ቁንጥሩን በሻይ ማንኪያ፣ «እስኪበቃው» የሚለውን በደቂቃ ለውጠው ጻፉት። ስለዚህ የዴልሂን ሽታ የማያውቅ ሰው እንኳ መጽሐፉን ከፍቶ ሊሠራው ቻለ።

እኛስ? በየበዓሉ የዶሮውን ቁሌት ይመሩልን የነበሩትን እናታችንን ሁላችሁም ታስታውሷቸዋላችሁ። «በርበሬው ስንት ነው?» ስንላቸው «እሱ ራሱ በቃኝ ይልሻል» ይሉን ነበር። እንስቅ ነበር እንጂ አንጽፍም ነበር። ካረፉ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ፋሲካ 12 ዶሮ ሠራን። ሽንኩርቱን አላሳነስንም፣ ቅቤውን አልሰሰትንም። ነገር ግን ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ እኛው በእኛው ተከራከርን፤ አንዳችን ከቅቤው ጋር ነው ስንል፣ ሌላችን ሊወጣ ሲል ነው አልን። ወጡ ተበላ፣ ምስጋናም አልጎደለም። አንዲት ልጅ ግን «ይሄ የእማማ አይደለም» አለች። እውነቷን ነበር። መልስ ያጣነው ግን እኛ ነን፤ የእማማን ቁሌት የምንጠይቀው ሰው አልነበረም፣ የምንገልጠውም ወረቀት አልነበረንም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ አባቶቻችን! ስለዚህ በዚህ በ10ኛ ዓመታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከሚቀጥለው በዓል ጀምሮ እያንዳንዷ ባለሙያ ስትሠራ አንድ ወጣት አጠገቧ ይቁም። እጇ ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት ይመዝን፣ ሰዓቱን ይያዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ። የጎንደሯ እንደ ጎንደር፣ የሐረሯ እንደ ሐረር፣ የጉራጌዋም እንደ አገሯ ትጻፍ፤ የማንም እጅ በማንም አይተካ። ወንዶች ልጆቻችንም ይምጡ፣ ድስት ማማሰል ክብር አይቀንስም። አገር ቤት ያሉ እናቶቻችንን ደግሞ በስልክ ስናገኛቸው ስለ ጤናቸው ከጠየቅን በኋላ ስለ ሚጥሚጣቸው እንጠይቅ።

ልጆቻችንም አናውቅም ብላችሁ አትፈሩ። ወይዘሮ ማዱርም አያውቁም ነበር፤ ጠየቁ፣ የሚመልስላቸውም እናት በሕይወት ነበሩ። እናንተም የሚመልስላችሁ ሰው እያለ ጠይቁ።

ደብተሩን ገዝተናል። ዛሬ ከምግቡ ጠረጴዛ አጠገብ ታገኙታላችሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። የእማማን ቁሌት የምታስታውሱትን ያህል፣ አንድ መስመርም ቢሆን ጻፉልን።

በዓሉን የደስታ ያድርግልን፤ ለ20ኛው ዓመት በጤና ያድርሰን።