የአሮጌ አውቶሞቢል ሞተር በመንገድ ላይ የሚጠፋበት ምክንያት



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ አሮጌ አውቶሞቢል ላለው ሰው ሁሉ እንግዳ አይደለም። ጧት ወደ ሥራ ሲሄዱ ደኅና የነበረችው መኪና ማታ ከቢሮ ሲመለሱ ዳገት ላይ ኃይል ታጣለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንገጫገጫለች፤ በመጨረሻም ሞተሯ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ ስትነሣ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ሆና ትሄዳለች። ባለቤቱም «ተሻላት» ብሎ ነገሩን ይረሳዋል፤ በማግስቱ ግን ያው ችግር ይደገማል።

ለምሳሌ ያህል የምንወስደው ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ የሚጠራትን ትንሿን ቮልስዋገን ነው። ይህች መኪና በጀርመን አገር መሠራቷ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮም በ2003 ያበቃ ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እንግዲህ ዛሬ በመንገድ ላይ የምናያት ቮልስ ሁሉ ከ20 ዓመት በላይ፣ አብዛኛዎቹም ከ40 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሞተሩ በአደባባይ ላይ ቢጠፋ የሚያስከትለው የጥሩምባ ጩኸትና ኀፍረት ነው፤ ነገር ግን ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ከባድ የጭነት መኪና እየተከተለ ቢጠፋ የሚያስከትለው የሕይወት አደጋ ነው። ከዚህም ሌላ ምርመራ ሳይደረግ በግምት ብቻ ጤነኛው ካርቡራተር ይለወጣል፤ ቀጥሎ ቦቢናው፤ ቀጥሎ ፖምፓው ይለወጣል። የወር ደመወዝ እንዲህ እየሆነ ያልቃል፤ በሽታው ግን በቦታው ይኖራል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አስቀድመን የቤንዚኑን ጉዞ እንወቅ። በቮልስ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ማለት ሳልባትዮው፣ ከፊት ነው፤ ሞተሩ ግን ከኋላ ነው። ቤንዚኑ ከሳልባትዮው ሥር በወንፊት ተጣርቶ ይወጣል፤ በመኪናዋ ወለል መካከል በሚያልፈው ቀጭን የብረት ቧንቧ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በጎማ ቱቦ አማካይነት ወደ ፖምፓው ይደርሳል፤ ፖምፓውም ወደ ካርቡራተሩ ይገፋዋል። በመሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲዘገይ የመጨረሻውን ፈራሚ መውቀስ ትክክል እንዳልሆነ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ወረቀቱ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቀረ ከመዝገብ ቤት ጀምሮ መጠየቅ ይገባል። የቤንዚንም ነገር እንደዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጎደለው ቤንዚን ነው ወይስ እሳት የሚለው ነው። እሳት ስንል ከቦቢናው ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄደውን ብልጭታ ማለታችን ነው። በጠቅላላው ሲታይ ብልጭታ የተቋረጠበት ሞተር እንደ መብራት ማጥፊያ በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ቀስ እያለ ይደክማል፤ ይንገጫገጫል፤ የነዳጅ መስጫውን ሲረግጡት ይበልጥ ይዳከማል፤ እግርዎን ሲያነሡለት ጥቂት ይተነፍሳል። ይህ ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሞቀ ቦቢናም አንዳንድ ጊዜ ሰውን ያታልላልና።

እርግጠኛው ፈተና የሚከተለው ነው። ሞተሩ እንደ ጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ቁልፉን ይዝጉና የአየር ማጣሪያውን ከካርቡራተሩ ላይ ያንሡ፤ የቀድሞው ማጣሪያ በውስጡ ዘይት ስላለው ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ማስቀመጥ ያሻል። ከዚያ በካርቡራተሩ አፍ ወደ ውስጥ እየተመለከቱ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅዎ ይግፉት። ከትንሿ ቱቦ ጠንከር ያለ የቤንዚን ጅረት ፊጭ ብሎ ከወጣ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ፤ እንግዲያው ፊትዎን ወደ ብልጭታው ያዙሩ። ምንም ካልወጣ ቤንዚኑ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ምርመራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ቢያደርጉት ግን ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ሊሞላ ስለሚችል ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሞተሩ መቼ ይጠፋል የሚለው ነው። በጉዞ ላይ ደኅና ሆና በትራፊክ መብራት ስትቆም ብቻ የምትጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ ከሳልባትዮው ሳይሆን ከሚኒሞው መንገድ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ብዙ ካርቡራተሮች ላይ የሚኒሞውን ቤንዚን የምትከፍት ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች፤ ቁልፉ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልሰጠች ሽቦዋን ይመልከቱ። በአንጻሩ በከተማው ሜዳ ደኅና ሄዳ ወደ እንጦጦ ዳገት ስትወጣ የምትደክም ከሆነ፣ ቤንዚኑ ይደርሳል፤ ነገር ግን በበቂ መጠን አይደርስም። ሞተር በዳገት ብዙ ይጠጣልና የጠበበ መንገድ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ስለዚህ ካንዴላዎቹን ነቅለው ቢያዩ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ሞተሩ የጠገበው ከልክ በላይ ነው፤ ነጣ ብለው ደርቀው ከተገኙ ግን ቤንዚን ማነሱን ይመሰክራሉ።

ቤንዚን መጉደሉ ከታወቀ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ በቅደም ተከተል እንሂድ። በመጀመሪያ በእርግጥ ቤንዚን አለ ወይ? ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም የአሮጌ መኪና መለኪያ ይዋሻል። እ.ኤ.አ. ከ1961 አጋማሽ በፊት የተሠሩት ቮልሶችማ መለኪያ የላቸውም፤ ያላቸው 5 ሊትር ያህል መጠባበቂያ የምትከፍት መዘውር ብቻ ናት። ንጹሕ እንጨት ወደ ሳልባትዮው አስገብቶ መለካት ከሁሉ ይሻላል።

ቀጥሎ የሳልባትዮው መተንፈሻ ነው። ቤንዚን በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል መኪናዋን ዳር አስይዘው ክዳኑን ይክፈቱ፤ «እስስ» የሚል የአየር ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ በሽታው ያለ አንዳች ወጪ ተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛው ዝገት ነው። ለብዙ ጊዜ የቆመች መኪና ሳልባትዮ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም በመውጫው ወንፊት ላይ ይከማቻል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ዝገቱ ይረግፋል፤ መኪናዋም ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። በዚህ ጊዜ ፊልትሮ መለዋወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ሳልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት።

አራተኛው የጎማ ቱቦዎቹ ናቸው። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ አብጦ ይጠባል፤ ወይም ተሰንጥቆ ከቤንዚኑ ጋር አየር ያስባል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዚህ ዓይነት ቤንዚን ያልተሠራውን የቀድሞውን ጎማ ቶሎ ይጎዳዋል፤ በአዲስ አበባም ይህ ድብልቅ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ቀርቦ ነበር። ቱቦ ከመኪና ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነውና ዕድሜው ካልታወቀ ያለ ክርክር ይለወጥ።

አምስተኛው ፖምፓው ነው። ወደ ቦቢናው በ15 ቁጥር መያዣ የሚገባውን ሽቦ ነቅለው ጫፉን በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ሞተሩም እንዳይነሣ ብልጭታም እንዳይኖር። የካርቡራተሩን ቱቦ ነቅለው በጠርሙስ ውስጥ ያስገቡና ሌላ ሰው ሞተሩን በሞተሪኖ ያሽከርክር። ቤንዚኑ እንደ ልብ ትርታ እየቆጠረ በኃይል ሊወጣ ይገባዋል። ደካማ ከሆነ ለፖምፓው ከሌላ ንጹሕ ዕቃ በአጭር ቱቦ ቤንዚን ይስጡት። ያን ጊዜ ከበረታ ችግሩ ከፊት ነው፤ ካልበረታ ራሱ ፖምፓው ነው። ፖምፓውን የሚገፋው ዘንግ ዲናሞ ላለው ሞተር 108፣ አልተርኔተር ላለው 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስሕተት አጭሩ የገባበት ሞተር ቤንዚን ማነሱ አይቀርም። የፖምፓው ውስጠኛ ሽፋን ከተቀደደ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗልና ሞተሩን አያስነሡ።

ስድስተኛው ሙቀት ነው። በደጋ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቤንዚንም ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይተናል፤ በቧንቧ ውስጥ እንፋሎት ሲሆን ፖምፓው ሊገፋው አይችልም። እርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ አድርገው ጥቂት ቢቆዩና ሞተሩ ቢነሣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም የሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ማሟላት ነው፤ የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ፣ እነዚህ ሲጎድሉ ከሥር ያለውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ያቆማል፤ ቤንዚን የሚፈስበት ሞተር ግን ያቃጥላል፤ የኋላው ወንበርም፣ ልጆች የሚቀመጡበት፣ ከሞተሩ ፊት ነው። በካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የምትገባበት ትንሽ የነሐስ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ላልታ ልትወልቅ ትችላለች፤ በጣት ነካክተው ካወዛወዟት በባለሙያ ሳትጠበቅ አይንዱ። የፕላስቲክ ፊልትሮ ከዲስትሪቡተሩ በላይ ተንጠልጥሎ ካዩ ያስነሡትና ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ያስደርጉት፤ እዚያ ቢያፈስ ከብልጭታ ሩቅ ነው። የብረቱ ቧንቧ ቆርቆሮውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩን፣ በየቱቦው ጫፍም ፋሸታ መታሰሩን ይመልከቱ። በምርመራው ጊዜ ሲጋራ አይጨስ፤ እሳት ማጥፊያ ከአጠገብ አይለይ።

ይህን ሁሉ መናገራችን እያንዳንዱ ሰው መካኒክ ይሁን ለማለት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን በቅጡ ያልተናገረም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር በመኪናዎ ውስጥ ያኑሩ። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፣ ከተነሡ ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ፣ በሳልባትዮው ያለውን የቤንዚን መጠን፣ በካርቡራተሩ አፍ ያዩትንም ይጻፉ። ሦስት አራት መስመር ሲሞላ ወደ ጋራዥ ይዘውት ይሂዱ። «ዝም ብላ ትጠፋለች» ከሚል ባለ መኪና ይልቅ፣ «ከ20 ደቂቃ በኋላ ዳገት ላይ ትጠፋለች፤ ካርቡራተሩ ባዶ ነው፤ ክዳኑን ስከፍት ትነሣለች» የሚለው ባለ መኪና ገንዘቡንም ጊዜውንም ይቆጥባል። መካኒኩም ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።