ምን በላሽ?

ከሳልሚያ፣ ከሐወሊ፣ ከጀህራ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ አንዳንዳችሁ ያስፈቀዳችሁት ሁለት ሰዓት ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። ስለዚህ ነገር አላንዛዛም። ዛሬ የምናወራው ስለ ሥጋ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም።

እኔ ጋ የሚደውሉ እኅቶች መጀመሪያ የሚያነሱት የደመወዝ ወይም የፓስፖርት ነገር ነው። እሱን ከጨረስን በኋላ ዝም ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እኮ እዚህ የሙስሊም ሥጋ እበላለሁ» ይሉኛል። ሰው የገደሉ ያህል ነው የሚነግሩኝ። አንዷ በዚሁ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ሥጋ ወደሙ አልተቀበለችም፤ ጸሎትም ትታለች። ለምን ስላት «በየትኛው አፌ?» አለችኝ። የአምስት ወር ደመወዟን ሲከለክሏት ያላለቀሰች ልጅ ይህንን ስትነግረኝ አለቀሰች።

ይህ ነገር አገር ቤት ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከብት ሲታረድ ክርስቲያኑ በስመ አብ ይላል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ይላል፤ የአንዱን ሌላው አይበላም። እንደ ማተብ የሃይማኖት መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ወጉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ወሎ ውስጥ ሰርግ የበላች ታውቃለች፦ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ድስት ያስጥዳል፤ ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ማንም እንግዳ ሳይበላ እንዳይመለስ ነው። ወጉ ራሱ ለሰው ከማሰብ የመጣ ነው ማለት ነው።

ኩዌት ውስጥ ግን ሁለተኛ ድስት የለም። ገበያ ላይ ያለው ሥጋ ሐላል ነው፤ በምትሠሩበት ቤት የሚቀርበው መጅቡስም አንድ ነው። እሱን ከተውሽ የሚቀርልሽ ኹብዝና ሻይ ነው። በኹብዝና በሻይ ደግሞ ሦስት ፎቅ ቤት አይጸዳም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከዚህ የባሰ ጥያቄ ነበር የቀረበለት። በቆሮንቶስ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ለጣዖት የተሠዋ ሊሆን ይችል ነበር፤ የእኛ ማዳሞች እኮ ለጣዖት አያርዱም። የጻፈላቸውን በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 ታገኙታላችሁ፦ ከየት መጣ ብላችሁ ሳትመረምሩ ብሉ ነው ነገሩ። በምዕራፍ 8 ደግሞ የእሱ መብላት የሌላውን ኅሊና የሚያቆስል ከሆነ እሱ ሥጋውን እንደሚተው ይናገራል። ይህንን የምላችሁ እዚህ የቆያችሁትን አስቤ ነው። አዲስ የመጣች ልጅ «አልበላም» ስትል «ገና አልሰለጠንሽም» እያላችሁ የምትስቁባት አላችሁ። አትሳቁባት። ምስር ካገኛችሁ ቀቅላችሁ ስጧት።

ጾምም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የእኛ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር የገቡት። ያን ጊዜ የሰው ቤት የሠራች ታስታውሳለች። ለኢፍጣር ከቀትር ጀምሮ ይቀቀላል፣ ይጠበሳል፤ እንግዳ ይመጣል፤ ዕቃው ታጥቦ ሳያልቅ ሱሑር ይደርሳል። ሦስት ሰዓት ከተኛሽ ዕድለኛ ነሽ። በዚህ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ልጅ ታቅፎ ደረጃ መውጣትና መውረድ አለ፤ 55 ቀን። የቻለች አለች፤ አከብራታለሁ። ሕፃን እንደያዘች ዞሮባት ደረጃ ላይ የወደቀችም አለች። ሁለቱም ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በእርሻ መካከል ሲያልፍ፣ እነሱ በሰንበት እሸት ቀጥፈው በሉ። ፈሪሳውያን የተቀጠፈውን እሸት አዩ። እሱ ግን መራባቸውን አየ፤ ዳዊትም በራበው ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት መብላቱን አስታወሳቸው። ማቴዎስ ምዕራፍ 12ን ማታ አንብቡት፤ አጭር ነው።

«ታዲያ ጾም ይቅር ነው የምትዪው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አላልኩም። እኔም እጾማለሁ፤ ጾም ብዙ ክፉ ቀን አሻግሮኛል። ግን ሕጉን የምታስጠብቀው ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለሰው ታዝናለች። አገር ቤት ለታመመና ለአራስ ነፍስ አባት ይፈቅድ የለም? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ከእሑድ ቅዳሴ ለመቅረት በቂ ናቸው ከሚላቸው ምክንያቶች መካከል ሕመምንና የሕፃናትን እንክብካቤ በስም ጠርቷል። የስንቶቻችሁ ሥራ ሕፃን መያዝ ነው! እዚህ ኩዌት ከተማ ያለው የቅድስት ቤተሰብ ካቴድራል፣ አባሲያ ያለው የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ፣ አሕመዲ ያለው የዓረቢያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በሰው የሚሞሉት ዓርብ ነው፤ ሠራተኛ የምትወጣው ዓርብ ስለሆነ።

ዓርብም የማይወጡ አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ስንቶቹ ቤቶች እንደሚያከብሩት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ «እገሊት ቤተ ክርስቲያን ረሳች» ከማለታችሁ በፊት በሩ የሚቆለፈው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ፈርዋኒያ ውስጥ ክፍል ተከራይተው በየወሩ ጽዋ የሚጠጡ እኅቶች ነበሩ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ሲሰበሰብ ቀድመው የሚያዋጡት እነሱ ነበሩ። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ፣ ከማኅበርተኞቹ አንዷ መንገድ ዳር ዶሮ ስትበላ ታየች። ማታ በራቸውን ስታንኳኳ «ጾም ገድፈሽ ጽዋው ካለበት ቤት አትገቢም፤ መጀመሪያ ንስሐ ግቢ» ብለው መለሷት። ከምትሠራበት ቤት ከወጣች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እዚያ የሚሰጧት በቀን አንድ ሳህን ሩዝ ነበር። ዶሮውን የገዛላት፣ አስፋልት ዳር ቁጭ ብላ ያያት ሕንዳዊ የታክሲ ሹፌር ነው። ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ አታውቅም። ያን ሌሊት የት እንዳደረች እኔ አልናገርም፤ የእሷ ነው።

በአማርኛችን «ምን በላሽ?» ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ምን ጎረስሽ ነው። ሌላው ጠፍታ የቆየች ሰው ስናገኝ የምንጠይቀው ነው፤ ምን ዋጠሽ፣ ምን አገኘሽ፣ የት ከረምሽ። ያን ማታ በሩ ላይ የተጠየቀችው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የጠየቃት ሹፌሩ ነው፣ ያውም በተሰባበረ ዓረብኛ።

ያቺ ሁለት ዓመት የቆየችው ልጅ ከአባ ጋር በስልክ ተነጋግራለች። መቼ ሄዳ እንደምትቆርብ ገና አላወቀችም፤ ማዳሟ አላስወጣቻትም። ጸሎቷን ግን ጀምራለች።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ምሳ አለ። ምስር ወጥም ዶሮም ተሠርቷል፤ ድስቶቹም ማንኪያዎቹም ለየብቻ ናቸው። ላልመጣች እኅት የምትወስዱ ካላችሁ ክዳን ያለው ሳህን በሩ አጠገብ አስቀምጠናል። ሁለት ሰዓት ብቻ ያላችሁ ቀድማችሁ ተሰለፉ።