ብርሃንን ማባከንም ኢስራፍ ነው
(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን በቤታችን ስለሚበራው አምፖልና በሞቃታማ ከተሞቻችን ስለሚሠራው ኤር ኮንዲሽነር ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ስለ ኢስራፍ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው የሠርግ ድግስን፣ የተደፋ ምግብን ወይም በውዱእ ጊዜ የሚፈስ ውሃን ነው። ማንም በሌለበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ የሚያድረውን አምፖል ግን እንደ ብክነት አንቆጥረውም። ምክንያቱም ሲፈስ አይታይም፤ የሚታየው የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣትን ፈቅዶልን ማባከንን ግን ከልክሎናል፤ አባካኞችንም እንደማይወድ አሳውቆናል። በሱረቱል ኢስራእ 27ኛው አንቀጽ ደግሞ ገንዘባቸውን ያለ አግባብ የሚበትኑ ሰዎች የሰይጣን ወንድሞች ተብለዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ሙድ ማለት የሁለት እጅ እፍኝ ያህል ነው። ለዒባዳ የሚውለው ውሃ በእፍኝ ከተለካ፣ ለምቾት የምናውለው ኒዕማ ያለ ልክ ሊሆን አይገባም።

ስለ መብራትም ቢሆን ግልጽ የሆነ መመሪያ አለን። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ ኩራዞቻችንን እንድናጠፋ አዘውናል፤ ምክንያቱንም ሲገልጹ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን ከነሰዎቹ ልታቃጥል ትችላለች ብለዋል። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለና እሳቱ የማያሰጋ ፋኖስ ቢበራ ችግር እንደሌለው ጽፈዋል፤ ትእዛዙ የመጣው አደጋን ለመከላከል ነውና። የዛሬው አምፖል እንደ ኩራዝ በአይጥ አይጎተት ይሆናል። ይሁን እንጂ የተላጠ ገመድና በአንድ ሶኬት ላይ የተደራረበ ማከፋፈያ ዛሬም ቤት ያቃጥላሉ። አደጋው ቢቀር እንኳ የኢስራፉ ጥያቄ አይቀርም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሀገራችን ኤሌክትሪክ የምታገኘው በአብዛኛው ከወንዞቿ ነው። ውሃው የአላህ ራሕመት ነው፤ ዝናብ ሲያንስ ግድቡ ይጎድላል፣ መብራቱም ይቀንሳል። እ.ኢ.አ በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። በጳጉሜን 2017 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ አልሐምዱሊላህ፣ የኃይል አቅማችን በእጅጉ አድጓል። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሀገራችን ቤተሰቦች ዛሬም የኤሌክትሪክ መስመር አልደረሳቸውም፤ ልጆቻቸው ቁርኣን የሚቀሩት በኩራዝና በባትሪ ብርሃን ነው። የኒዕማ መብዛት ለማባከን ፈቃድ አይሆንም።

እስቲ ከአምፖሉ እንጀምር። አሮጌው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ አምፖል በዚያው ጊዜ የሚቆጥረው 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። አምስት አምፖል ያለው ቤት በወር 45 የነበረውን ወደ 7 ገደማ ዝቅ ያደርጋል ማለት ነው። የቤት ታሪፋችን ደግሞ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው ዝቅተኛውን ዋጋ ሲሆን፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ አምፖል መቀየር ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሊያወርደን ይችላል።

ኤል.ኢ.ዲ አምፖል ሲገዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ባለ ክሩ ከአንድ ሺህ ሰዓት ገደማ በኋላ ሲቃጠል ደህናው ኤል.ኢ.ዲ ከአሥር ሺህ ሰዓት በላይ ያገለግላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ካልቻልን ረዥም ሰዓት ከሚበሩት ከሳሎን፣ ከወጥ ቤትና ከደጃፍ እንጀምር። የአምፖሉን አቧራ መወልወል፣ ግድግዳን ነጣ ያለ ቀለም መቀባት፣ ቀን ቀን መጋረጃ ገልጦ በፀሐይ ብርሃን መጠቀምም ወጪ የሌለበት ቁጠባ ነው።

ጠምዛዛውን ኃይል ቆጣቢ አምፖል የምትጠቀሙ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልብ በሉ። በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው። ቢሰበር ልጆችን አስወጡ፣ መስኮት ከፍታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ክፍሉን ልቀቁ። ከዚያ ስባሪውን በእጅ ሳትነኩ በወፍራም ካርቶን ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ።

አሁን በድሬዳዋ፣ በሠመራ፣ በጋምቤላ፣ በጎዴና በመሰል ሞቃት ቦታዎች ወዳሉ አድማጮቻችን እንዙር። በዚያ ሙቀት ኤር ኮንዲሽነር ለሕመምተኛ፣ ለአራስና ለአረጋዊ ቅንጦት አይደለም። ጥያቄያችን ስለ አያያዙ ነው። የመኝታ ቤት ኤር ኮንዲሽነር ሞተሩ ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ የጣራ ወይም የጠረጴዛ ቬንትሌተር ግን ከ100 ዋት በታች ነው። ቬንትሌተር በሚበቃበት ሰዓት በእርሱ መብቃቃት ትልቅ ቁጠባ ነው። ኤር ኮንዲሽነር ማብራት ካስፈለገም 18 ላይ አድርጎ ብርድ ልብስ ከመልበስ፣ ከ24 እስከ 26 ባለው ላይ አድርጎ ቬንትሌተሩን አብሮ ማስኬድ ይሻላል።

በየቤቱ የሚረሳው ነገር ማጣሪያው ነው። የፊት ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ወንፊት በአቧራ ከተደፈነ አየር አያልፍም፤ ሞተሩ ብዙ ሰዓት ይለፋል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም። የተደፈነ ማጣሪያን ማጽዳት ብቻውን የመሣሪያውን ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። አሠራሩም ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ኃይሉን ከማከፋፈያው ሳጥን አጥፉ፤ ወንፊቱን አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቡ፤ በጥላ አድርቃችሁ መልሱ። በወር አንድ ጊዜ፣ አቧራ በሚበዛባቸው ከተሞች ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ መልካም ነው።

ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ክፍልም ሙቀቱን የሚያወጣበት ቦታ ይፈልጋል። ዕቃ አትደግፉበት፣ ልብስ አታስጡበት፤ በዙሪያው የተከማቸውን ቅጠልና አቧራ አስወግዱ። ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ከተደፈነ ግድግዳ ያረጥባል፣ ሻጋታም ያመጣል። በየዓመቱ «ጋዙ አልቋል» እየተባላችሁ የምታስሞሉ ካላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ጋዙ እንደ ነዳጅ በሥራ ብዛት አያልቅም። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ ማለት ነውና ባለሙያው መጀመሪያ ቀዳዳውን እንዲደፍን ጠይቁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም መሣሪያውን ወዲያው አታብሩት፤ ኃይሉ እስኪረጋጋ ለአምስት ደቂቃ ያህል መታገሥ ሞተሩን ከጉዳት ይጠብቃል።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ይህ ሁሉ የራሳችንን ኪስ የሚመለከት ነበር። ከዚህ የሚከብደው የሌላው ሰው ሐቅ ነው። በየከተማው ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። አንዱ መብራቱን ቀንም ሌሊትም ሲያበራ፣ በየቀኑ ምጣድና ካውያ ሲጠቀም፣ ሒሳቡ ግን እኩል ሲካፈል፣ አንድ አምፖል ብቻ ያላት አረጋዊት የእርሱን ብክነት እየከፈለች ነው። እርሷ አፍራ ዝም ብትል ሐቋ ከአንገቱ አይወርድም። እንዲህ ባለ ግቢ ያላችሁ ተቀምጣችሁ እንደየአጠቃቀማችሁ ተስማሙ፤ ቢቻል ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ። አከራዮችም ከተከራይ የምትቀበሉት ከደረሰው ሒሳብ በላይ እንዳይሆን አላህን ፍሩ። መስመር ጠልፎ መጠቀምና ቆጣሪን ማዛባት ደግሞ «የመንግሥት ነው» በማለት ሐላል አይሆንም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሁሉም ሐቅ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከዚህ ኃላፊነት ውጭ አይደላችሁም። የመስጂድ መብራት የሚከፈለው አንዲት እናት ከመቀነቷ ፈትታ በሰጠችው ሶደቃ ጭምር ነው። ጀመዓው ከተበተነ በኋላ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ይመደብ። የኤር ኮንዲሽነሩ ማጣሪያ ረመዷን ሳይገባ ይታጠብ፤ በተራዊሕ ጊዜም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ማቀዝቀዣው አይሥራ። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) ስለ ግል ጉዳያቸው ማውራት ሲጀምሩ የሕዝብን ሻማ አጥፍተው የራሳቸውን እንዳበሩ በታሪክ ይነገርላቸዋል። ሻማዋ ትንሽ ነበረች፤ አማናው ግን ትልቅ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ነገር እናድርግ። ከልጆቻችን ጋር ሆነን ቤቱን እንዙር፤ ያለ ሥራ የሚበራውን እንቁጠር፣ እናጥፋ። የምናጠፋውም ለሒሳቡ ብቻ ሳይሆን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ለመፈጸም መሆኑን እንንገራቸው። ሥራ በኒያ ነውና ማጥፊያውን መጫን እንኳ አጅር ያስገኛል፤ ልጅም በዚህ ዕድሜው የለመደውን አይረሳም። በወሩ መጨረሻ የተረፈችውን ገንዘብ ደግሞ መብራት ለሌለው ጎረቤት ሶደቃ ብናደርጋት ቁጠባችን ስስት አለመሆኑ ይታወቃል።

አላህ (ሱ.ወ) ኒዕማውን ከሚያመሰግኑት ያድርገን፤ ከአባካኞችም ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።