ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበቃው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር



ዛሬ የምናገርላችሁ በየዕለቱ ከፊታችሁ ተቀምጦ ስለሚያሠራችሁ ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ይገዛ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን ከሁሉ አስቀድመን «ፍጥነቱ ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚገዛ ሰው ግን በሬውን በጕልበቱ ሳይሆን በቀንዱ ርዝመት የሚመርጥ ገበሬን ይመስላል።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ የሚፈጽመው ክፍል ነው። የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ለስሌቱ የሚጠፋው ኀይል በምቱ ፍጥነት ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ግን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ20 በመቶ ቢቀነሱ፣ ይህ ኀይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በባትሪ የሚኖር ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ እንዲሠራና ሥራ ባጣ ጊዜም እንዲያርፍ ሆኖ ይነደፋል።

ይህ ነገር በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ለጠረጴዛ ያወጣው ባለ 3.8 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4፣ ማቀዝቀዣው 115 ዋት ሙቀት እንዲችልለት የሚያስፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው ወደ 4 ጊጋኸርዝ ሊያደርሰው የነበረውን ዕቅድ ተወ። በሌላ ወገን፣ በእስራኤል ሀገር በሃይፋ ከተማ የተነደፈው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ፔንቲየም ኤም በ2003 ወጥቶ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር የምቱ ቍጥር ያነሰ ቢሆንም በእያንዳንዱ ምት ብዙ ሥራ ይሠራ ስለ ነበር፣ ከ30 ዋት ባነሰ ሙቀት በብዙ ዐይነት ሥራ ከትልቁ ጋራ ተወዳደረ፤ በቪዲዮ ቅንብር ግን ወደ ኋላ ይቀር ነበር። በ2005 አሱስ የተባለው ኩባንያ ይህን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በአንዳንድ የጠረጴዛ ማዘርቦርዶቹ ላይ የሚያስገጥም መሸጋገሪያ ሠራ። በ2006 ኢንቴል ራሱ የፔንቲየም ኤምን መንገድ ተከትሎ ኮር 2 ዱኦን ለጠረጴዛ አወጣ። አፕልም በዚያው ዓመት በማክ ሚኒ ውስጥ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አኖረ፤ በ2020 ደግሞ ኤም1 የተባለውን አንዱን ፕሮሰሰር ለላፕቶፑም ለማክ ሚኒም አደረገው።

እንግዲህ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሒሳብ እንመለስ። በሥራ ላይ 100 ዋት በሚፈጅ ኮምፒዩተር ፈንታ 30 ዋት የሚፈጅ ቢቀመጥ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ብናስብ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር 140 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። መቶ ኮምፒዩተር ባለው መሥሪያ ቤት ትርፉ 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህም በላይ ክፍሉ አይግልም፤ የማራገቢያው ጩኸት ይቀንሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜም የዩፒኤሱ ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያቆይ፣ የተጀመረውን ደብዳቤ አስቀምጦ ለመዝጋት ፋታ ይገኛል።

ነገር ግን ይህ ዕቃ ለሁሉ ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራው መሐንዲስና ቪዲዮ ለሚያቀናብረው ባለሙያ፣ ብዙ ዋት የሚፈጀው ትልቁ ፕሮሰሰር ዋጋውን ይከፍላል። ደግሞም የላፕቶፕ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋራ የተበየደ ስለሆነ፣ ቢበላሽ ለብቻው አይለወጥም። በአንዳንዱ ሜሞሪውም እንዲሁ የተበየደ ነው። በጠባብ ሣጥን ውስጥም ማራገቢያው አቧራ ከያዘ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ስለዚህ ክቡራን ሆይ፤ የግዥ ወረቀት በምትፈርሙበት ጊዜ አስቀድማችሁ «በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው ደብዳቤ መጻፍ፣ መዝገብ መያዝና ሒሳብ ማስላት ከሆነ፣ ጥቂቱ ዋት ይበቃል። ቀጥላችሁም ስንት ዋት እንደሚፈጅ፣ ሜሞሪው የሚጨመር መሆኑን፣ ሲበላሽም ምኑ እንደሚለወጥ ጠይቁ። የሚከፈለው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የግዥው ዋጋ አንድ ጊዜ ቢከፈል፣ የመብራቱ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።