ስለ ዋና መጀመሪያ ትምህርት
በአዋሽና በሰመራ ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር



ውኃ ለሰው ልጅ ሁለት መልክ አለው። ተቀድቶ ከቤት ሲገባ ሕይወት ነው፤ ሞልቶ በወንዝ ሲወርድ ግን ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ሞት ነው። ስለዚህ በወንዝ አገር የሚያድግ ልጅ ፊደልን እንደሚማር የውኃንም ጠባይ ሊማር ይገባዋል። ፊደል ያመለጠው ሰው ካደገም በኋላ ቢሆን ሊማር ይችላል፤ ውኃ የወሰደው ልጅ ግን ሁለተኛ ጊዜ የለውም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል። ከነዚህም ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ፤ ወደ ሩብ የሚጠጉትም 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ከዚህ የሚታየው፤ መስጠም የመርከበኞች አደጋ ብቻ አለመሆኑን ነው። ውኃ ሊቀዳ፣ ፍየል ሊያጠጣ፣ ልብስ ሊያጥብ የወረደ ልጅ ሁሉ በዚህ አደጋ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

ስለ አዋሽ ጠባይ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወደ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በአዋሽ ከተማ አጠገብ ወንዙ የሚያልፈው በጥልቅ ገደል ውስጥ ነው። ሰመራ ራስዋ ከአዋሽ ዳር ባትሆንም፣ በአቅራቢያዋ የሎግያ ወንዝ ይወርዳል፤ አዋሽም በዱብቲና በአሳይታ በኩል ያልፋል።

የዚህ ወንዝ ትልቁ ተንኮል ደራሽ ውኃ ነው። በሰመራ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ሲያቃጥል፣ በወሎ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሚሌና በሎግያ ወንዞች እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ደረቅ የነበረውም ወንዝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞላል። ስለዚህ በቆላ ያለ ሰው ወንዝ ሲያይ የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የደጋውንም ደመና ሊመለከት ይገባዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ምድር ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በላዩ የቆቃን ግድብ የመሰለ ሥራ ቢሠራበትም፣ ወንዙ ኃይሉን ፈጽሞ አልተወም።

ከጎርፉ ሌላ በአዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ደግሞም ቀስ ብሎ በሚፈስና በቆመ ውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ የበሽታው ትል በዓይን ሳይታይ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባልና። በሽንቱ ደም ያየ ልጅ ሳያፍር ለወላጁ ወይም ለመምህሩ ይንገር፤ በጤና ጣቢያ የሚድንበት መድኃኒት አለ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምክንያት ወንዙ የዋና ትምህርት ቤት ሊሆን አይገባውም። ዋና የሚጀመረው ጥልቀቱ በታወቀ፣ ውኃው በጠራ ገንዳ፣ ዋና የሚያውቅ አዋቂ ሰው በቆመበት ነው። ገንዳ በሌለበት መንደር ግን ትምህርቱ አይቀርም፤ እኩሌታው በደረቅ መሬት የሚሠራ ነውና። ይህም ከዚህ በታች ይገለጻል።

ስለ ዋና ቃላት

ውኃ ውስጥ ሆኖ ረጅም ነገር ማስረዳት አይቻልም። መምህሩ አንዲት ቃል ሲናገር ተማሪው ወዲያው ሊፈጽማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቃላቱ ከነትርጉማቸው በክፍል ውስጥ ይጠኑ።

1ኛ፤ መንሳፈፍ ማለት እጅና እግር ሳይደክም፣ አካል በውኃ ላይ ተጋድሞ መቆየት ነው። በሆድ መንሳፈፍና በጀርባ መንሳፈፍ ተብሎ በሁለት ይከፈላል።

2ኛ፤ መጥለቅ ማለት ወዶ ራስን ከውኃ በታች ማስገባት ነው። መስጠም ግን ሳይወዱ ወደ ታች መውረድ ነው። የጠለቀ ሰው እስትንፋሱን ይገዛል፤ የሰጠመን ሰው ግን ውኃ ይገዛዋል።

3ኛ፤ መንሸራተት ማለት የገንዳውን ግድግዳ በእግር ገፍቶ፣ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እንደ ተወረወረ ጦር ቀጥ ብሎ መሄድ ነው።

4ኛ፤ የእግር ምት ማለት ሁለቱን እግሮች በየተራ ወደ ላይና ወደ ታች ማወራጨት ነው።

5ኛ፤ ቀዘፋ ማለት ውኃውን በእጅ ይዞ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ጀልባ ቀዛፊ በመቅዘፊያው እንደሚያደርገው፣ ዋናተኛ በክንዱ ያደርገዋል።

6ኛ፤ ቆሞ መዋኘት ማለት እግር መሬት በማይደርስበት ስፍራ ራስን ከውኃ በላይ አድርጎ ባሉበት መቆየት ነው።

ስለ ትምህርቱ ቅደም ተከተል

ብዙ ጀማሪዎች ዋና የክንድ ሥራ ይመስላቸዋል። ስለዚህም ገና ውኃ ሲገቡ እጃቸውን በኃይል ያማታሉ፤ ወዲያው ይደክማሉ፤ በድካማቸውም ይሰጥማሉ። የዋና መሠረቱ ግን እስትንፋስ ነው። እስትንፋሱን የገዛ ሰው አይደነግጥም፤ ያልደነገጠ ሰው ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈ ሰው ደግሞ መሄድን በቀላሉ ይማራል።

የእስትንፋስ ትምህርት ንጹሕ ውኃ በሞላ ሳፋ ሊሠራ ይችላል። ተማሪው በአፉ አየር ይስብ፤ ፊቱን ከውኃው ያግባ፤ ከዚያም በአፍንጫውና በአፉ አረፋ እያወጣ አየሩን ቀስ ብሎ ይልቀቅ፤ ጨርሶ ሲለቅ ቀና ብሎ እንደገና ይሳብ። ይህን ሳይቸኩል 10 ጊዜ ይደጋግም። ሳፋው ለእያንዳንዱ ተማሪ ውኃው ይለወጥለት። የእግር ምትም በአግዳሚ ወንበር ላይ በሆድ ተኝቶ ይለመዳል፤ ኃይሉ ከዳሌ ይነሣ፤ ጉልበት ብዙ አይታጠፍ፤ ቁርጭምጭሚትም አይገትር። የክንድ ቀዘፋ ቆሞና ጎንበስ ብሎ ይጠናል።

ከዚህ በኋላ ወደ ገንዳ ይወረዳል። ውኃው ከተማሪው ደረት አይለፍ። በመጀመሪያ ተማሪው በውኃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይራመድ፤ ቀጥሎ በሳፋ የተማረውን እስትንፋስ ይድገም። ከዚያም ጉልበቶቹን አቅፎ፣ ፊቱን ወደ ውኃው ደፍቶ እንደ ኳስ ይሁን። ያን ጊዜ ጀርባው ወደ ላይ ብቅ ሲል ይሰማዋል፤ ውኃ እንደሚሸከመውም በገዛ አካሉ ይረዳል።

ውኃ ሰውን የሚሸከመው ስለ ምን ነው? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሲራኩዛው አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፣ ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከቦታው ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ሳንባው አየር የሞላ ሰው ደግሞ በመጠኑ ካለ ውኃ ጥቂት ይቀላል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። አየሩን በጩኸት የጨረሰ ሰው ግን ይከብዳል። በአፋር ምድር ባለው፣ ጨው በሚወጣበት በአፍዴራ ሐይቅ መንሳፈፍ ይቀላል፤ ጨዋማ ውኃ ከማይጨው ውኃ የከበደ ነውና። በአዋሽ ውኃ ግን የጨው እርዳታ የለም፤ ያለው የእስትንፋስ እርዳታ ብቻ ነው።

በጀርባ ለመንሳፈፍ ተማሪው ጆሮዎቹ ውኃ እስኪነኩ ድረስ ራሱን ወደ ኋላ ያሳርፍ፤ ሆዱን ወደ ላይ ያንሣ፤ እጆቹን ወደ ጎን ይዘርጋ። ራሱን ቀና ያደረገ እንደ ሆነ እግሮቹ ይወርዳሉ። መነሣትንም ከመንሳፈፍ ጋር ይማር፤ ይኸውም ጉልበቱን ወደ ሆዱ ስቦ፣ እጆቹን ወደ ታች ገፍቶ፣ ራሱን አንሥቶ እግሩን መሬት ማስያዝ ነው። መነሣትን የማያውቅ ጀማሪ፣ ውኃው ከወገቡ በማያልፍበት ስፍራ እንኳ ሊሰጥም ይችላል።

መንሳፈፍ ከተለመደ በኋላ መንሸራተት ይከተላል፤ በመንሸራተቱም ላይ የእግር ምት ይጨመራል፤ በመጨረሻ ቀዘፋ ይገባል። እጅ ከትከሻ ፊት ለፊት ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ውኃውን እስከ ጭን ድረስ ወደ ኋላ ይግፋ፤ ከዚያም ክርን ቀድሞ ይውጣ። ውኃ ወደ ኋላ በተገፋ መጠን አካል ወደ ፊት ይሄዳልና፣ ውኃን ወደ ታች የሚመታ ሰው ድካም እንጂ መንገድ አያተርፍም። አየር ሲፈለግ ራስ ወደ ላይ አይነሣ፤ አንዱ ጆሮ ውኃ ውስጥ እንዳለ ፊት ወደ ጎን ይዙር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ አንዱ ሳይጠና ወደ ሌላው አይታለፍ።

በዓለም የዋና ውድድር የታወቁት አራት ዓይነቶች ነጻ ዋና፣ የጀርባ ዋና፣ የደረት ዋናና የቢራቢሮ ዋና ይባላሉ። ከዚህ በላይ የተገለጸው ወደ ነጻ ዋና የሚያደርስ ነው። በደረት ዋና እግሮች እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይገፋሉ። የቢራቢሮ ዋና ብዙ ኃይል ይጠይቃልና ለጀማሪ አይሆንም።

ሰው ሲሰጥም ስለሚደረገው

የሚሰጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃ በላይ ሲወጣ አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮኽ ጊዜ የለውምና። ዝም ብሎ ውኃውን በእጁ ወደ ታች የሚጫን፣ ራሱም ወደ ኋላ የተጣለ ሰው ቢታይ፣ ይጫወታል ተብሎ አይታለፍ።

ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። አረፋ የሚጨብጥ ሰው ሊያድነው የቀረበውንም አንቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይጠፋሉ። ልጅ ከሆነ ወዳጁን ለማዳን ወደ ውኃ ፈጽሞ አይግባ። ይልቁንም አዋቂ ሰው ይጥራ፤ ዳር ላይ በደረቱ ተኝቶ በትር ወይም ሻሽ ያቀብል፤ ገመድ ይወርውር። በየቤቱ ያለው ጀሪካንም መልካም መዳኛ ነው። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ከተጠበቀ 20 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ የሰውን ራስ ከውኃ በላይ ለመያዝ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል።

ራሱ በወራጅ ውኃ የተወሰደ ሰው ከውኃው ጋር ፊት ለፊት አይታገል። በጀርባው ይንሳፈፍ፤ እግሮቹን ወደ ውኃው መውረጃ ያድርግ፤ እየወረደም በአግድም ወደ ዳር ይጠጋ።

ከውኃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፣ ሆዱን መጫን ወይም ዘቅዝቆ መያዝ አይጠቅምም፤ ጊዜ ያባክናል። በጀርባው ተጋድሞ አስቀድሞ በአፉ እስትንፋስ ይሰጠው፤ ቀጥሎ አዋቂ ሰው የደረቱን መካከል 30 ጊዜ እየተጫነ 2 ጊዜ እስትንፋስ ይስጠው፤ ራሱ እስኪተነፍስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ድረስም ይህን ይደጋግም።

ማሳሰቢያ ለመምህራንና ለወላጆች

ይህ ትምህርት ለወንዶች ብቻ የተወሰነ አይሁን። ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ የሚወርዱት ይበልጡን ልጃገረዶች ናቸውና፣ የአገሩ ልማድና ክብር ተጠብቆ፣ በሴት መምህራን እጅ ሊማሩ ይገባል። የተማሪውም ፈተና ፍጥነት አይሁን፤ ቁጥር እስከ 100 እስኪቆጠር በጀርባው ተንሳፍፎ ሳይጨነቅ የቆየ ተማሪ የመጀመሪያውን ደረጃ እንዳለፈ ይቆጠር።

ነገር ግን ጥቂት ዋና መቻል ከሁሉ የባሰ ወጥመድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳልና፣ በገንዳ የተመሰገነ ልጅ አዋሽን ለመፈተን አይነሣ። መልካም ዋናተኛ የሚባለው ወንዝ ሲሞላ ዘሎ የሚገባ ሳይሆን፣ የደጋውን ደመና አይቶ ፍየሎቹን ወደ ከፍታው የሚመልስ ነው።