ስለ አሮጌ መኪና ሞተርና ስለ ካምቢዮው መስማማት የተነገረ ንግግር



ገበሬ በሬ ሲጠምድ አስቀድሞ የኹለቱን ቁመትና ጕልበት ያስተያያል። አንዱ ረዥም፥ አንዱ አጭር የኾነ እንደ ኾነ ቀንበሩ ያጋድላል፤ አንገት ይቈስላል፤ እርሻውም ይበላሻል። የመኪና ሞተርና ካምቢዮም በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ኹለት በሬዎች ናቸው። እንግዲህ ዛሬ የሚነገረው፥ በተለያየ ዘመን የተሠሩት ኹለቱ እንዴት እንደሚስማሙ ነው። ይህም ለጋራዥ ሠራተኛ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ሳይለኩ መግዛትና ሳይቈጥሩ መግጠም የቤተ ሰብን ጥሪት የሚያጠፋ ስለ ኾነ፥ ትምህርቱ ለኹሉ ይበጃል።

አስቀድሞ የዕቃዎቹን ሥራ መለየት ያስፈልጋል። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ። በዳርቻው ዙሪያ ጥርስ አለው፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ የሚነክሰው ይህን ጥርስ ነው። በቮላኖው ፊት የፍሪሲዮን ሸራ፥ በሸራውም ላይ በሞላ ኀይል የሚጫን ሳህን ይቀመጣል። ነጂው መርገጫውን ሲረግጥ ገፊው ኩሽኔታ የሳህኑን ጭነት ያላላዋል፤ ሞተሩም ከካምቢዮው ይለያል። እግሩን ሲያነሣ ግን ሸራው በቮላኖውና በሳህኑ መካከል ተጣብቆ የሞተሩን ኀይል ወደ ካምቢዮ ያደርሳል፤ ካምቢዮውም ወደ ጎማ።

ለምሳሌ የሚኾነን ሰው ኹሉ ቮልስ እያለ የሚጠራው ትንሹ የጀርመን መኪና ነው። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 በሜክሲኮ አገር፥ በፑዌብላ ከተማ ሥራው አበቃ። ሞተሩ ከኋላ ኾኖ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ስፍራ ነው። የመያዣዎቹም ስፍራ በቀድሞውና በኋለኛው ስለሚመሳሰል፥ ብዙ ሰው «ቀዳዳው ከገጠመ ኹሉም ገጠመ» ብሎ ይሳሳታል።

ልዩነቱ ግን በውስጥ ነው። በ6 ቮልት የሚሠራው የቀድሞው ቮልስ ቮላኖ 109 ጥርስ፥ ሸራውም 180 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በ12 ቮልት የሚሠራው የኋለኛው ቮላኖ ግን 130 ጥርስ፥ ሸራውም አብዛኛውን ጊዜ 200 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ትልቁ ቮላኖ በቀድሞው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ይፍቃል። ደግሞም የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት የነሐስ ቀለበት በኹለቱ ዘመን ስፋቱ ልዩ ነው። ከ1971 ሥሪት ወዲህም ገፊው ኩሽኔታ በካምቢዮው ላይ በቆመ መሪ ቱቦ ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ የሚጫነው ሳህን መካከሉ ቀለበት የለውም። የቀድሞው ግን ቱቦ የለውም፤ ሳህኑ ባለ ቀለበት ነው። እነዚህን ማደባለቅ ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ያጠፋዋል።

በደጋ አገር በአሮጌ ቮልስ ዕቃ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ነጂ ነበረ። ሞተሩ ስለ ደከመበት ገንዘብ ተበድሮ የኋለኛውን ዘመን ሞተር ገዛ። ወጣቱ መካኒክ ሊገጥም ሲሞክር በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የጣት ያህል ክፍተት ቀረ። ወጣቱም ቡሎኑን እያጠበቀ ሊስበው ጀመረ። የጋራዡ ሽማግሌ ይህን አይተው «ልጄ፥ ተው! ብረት እንቢ ሲልህ ምክንያቱን ጠይቀው እንጂ አታስገድደው» አሉት። «አባቴ፥ ትንሽ ብቻ ቀርቶታል እኮ፤ አንድ ጊዜ ላጥብቀው» አላቸው። እሳቸውም «የካምቢዮው ጆሮ ከተሰነጠቀ ይህ ሰው ሞተርም ካምቢዮም የሌለው ይኾናል። ይልቅ ጥርሱን ቍጠር» አሉት። ቢቈጥር 130 ኾነ፤ የካምቢዮው ቤት ግን ለ109 የተሠራ ነበረ።

ከዚህም በኋላ ሞተሩን አወረዱ፤ የሚነካውንም ስፍራ በኖራ ምልክት አድርገው በጥንቃቄ ሞረዱት። የዚህ ካምቢዮ ቤት ማግኒዚየም በሚባል ቀላል ማዕድን የተሠራ ስለ ኾነ፥ ፍቅፋቂው እሳት ይይዛል፤ ሲነድም ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሽማግሌው ደረቅ አሸዋ በአጠገባቸው አስቀመጡ፤ ፍቅፋቂውም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈኑ። ሞተሪኖው፥ ቀለበቱ፥ ባትሪውና አምፑሉ ኹሉ ወደ 12 ቮልት ተለወጠ። መኪናው ሄደ፤ ነጂው ግን ለተጨማሪው ወጪ ዳግመኛ ተበደረ። ሽማግሌውም «ከመግዛትህ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቈጥረህ ቢኾን ኖሮ፥ ይህ ዕዳ ባልመጣብህ ነበር» አሉት።

ዳግመኛም የማርሽ ስሌት አለ፤ ይህም ለተማሪዎች መልካም ሒሳብ ነው። በቮልስ አንደኛ ማርሽ 3.80 ነው። የመጨረሻው ማርሽ በ1300 ሞተር ዘንድ 4.375፥ በ1500 ዘንድ 4.125 ነው። 3.80 በ4.375 ሲባዛ 16.625 ይኾናል፤ ይኸውም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ከ16 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። በ4.125 ሲባዛ ግን 15.675 ነው። ስለዚህ ደካማ ሞተር ከኹለተኛው ካምቢዮ ጋር ቢጠመድ በዳገት ይቸገራል፤ ጕልበተኛው ሞተር ከመጀመሪያው ጋር ቢጠመድ ዳገቱን በቀላሉ ይወጣል፥ በሜዳ ግን ሞተሩ ያለ ልክ ይዞራል።

እንግዲህ ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዐት ይህ ነው። አንደኛ፥ ከመግዛት በፊት የቮላኖውን ጥርስ መቍጠር፥ ሸራውንም መለካት። ኹለተኛ፥ ሸራው በካምቢዮው ዘንግ ላይ በእጅ ሲገፋ ሳይያዝ መንሸራተቱን ማየት። ሦስተኛ፥ ገፊውን ኩሽኔታና ሳህኑን የአንድ ዘመን ማድረግ። አራተኛ፥ ሳህኑ ሳይጠብቅ ሸራውን መካከል ማስያዝ፤ ሲገጠምም የሞተሩ ክብደት በካምቢዮው ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል መደገፍ። አምስተኛ፥ የቮላኖውን ትልቅ ዳዶ በ35 ኪሎግራም ሜትር ማጥበቅ፤ ይኸውም በ1 ሜትር እጀታ ጫፍ 35 ኪሎ የሚመዝን ሸክም እንደ ማንጠልጠል ነው። ስድስተኛ፥ መርገጫው ፍሪሲዮኑን ሳይነካ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ልል እንዲኾን ማስተካከል። ልልነት ከሌለው ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ከበዛ ደግሞ ማርሹ እየጮኸ ይገባል። ዘይትም ሸራውን እንዳይነካ የዘንጉን ማኅተም መመርመር ይገባል።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪ ቍጥርን በሰሌዳ ላይ ብቻ ካወቀ ዕውቀቱ ግማሽ ነው፤ መስመሪያ ይዞ ወደ ብረቱ ይውረድ። ሽማግሎችም ሆይ፥ ልጆቻችኹን ለእጅ ሥራ ስትሰጡ፥ ከመዶሻ በፊት መለኪያ እንዲይዙ ምከሯቸው። አስቀድሞ የለካ ሰው በኋላ አይጸጸትም።